የአጥንት ስብራትና የደም ኦክስጅን፤ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ከፍታ ሲታይ

በሀገራችን የጭን ስብራት ሲነሣ የሚፈራው ለእግር ነው። ሰውየው ይራመድ ይሆን፣ ያነክስ ይሆን፣ ለሥራው ይበቃ ይሆን ይባላል። ጭኑ የተሰበረ ሰው በሦስተኛው ቀን በሳንባው ሊሞት እንደሚችል የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ወደ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት አያውቅም ነበር። ይህ ሐተታ ከከባድ ስብራት በኋላ በደም ውስጥ የሚሆነውን ለውጥ የሚመለከተው ዕውቀት እንዴት እንደ ተሰበሰበ፣ ያም ዕውቀት አዲስ አበባን ወደ ከበቡት ከተሞች፣ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ሲመጣ ምን እንደ ጎደለው ለማሳየት የተጻፈ ነው። ጸሐፊው የታሪክ ተማሪ እንጂ የሕክምና ተማሪ ስላይደለ፣ ስለሚሳሳትበት ነገር የሳይንስ ክፍል መምህራን እርማት እንዲሰጡት አስቀድሞ ይለምናል።

ወደዚህ ጥያቄ ያመጣኝን ነገር በአጭሩ ልናገር። እናቴ የሱሉልታ ተወላጅ ናት። በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጨረሻውን ዓመት እማር በነበረበት ጊዜ፣ ታናሽ ወንድሟ ድርቆሽ ከተጫነበት መኪና ላይ ሆኖ ገመድ ሲያጠብቅ ወደቀና ቀኝ ጭኑ ተሰበረ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ወጌሻ ተጠርቶ መጣ፤ አጥንቱን አቃንቶ በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ አሰረው። እሑድ አጎቴ ቡናውን ጠጥቶ፣ ከጠያቂዎቹ ጋር ሲጨዋወት ዋለ። ማታውን ግን ትንፋሹ ቈረጥ ቈረጥ ይል ጀመር። ሰኞ ጠዋት ወደ አንድ ጤና ቤት ወሰድነው። በጣቱ ላይ ትንሿን መሣሪያ ሰክተው ቢያዩ ቊጥሩ ከ90 በታች ነበረ። ያየው ባለሙያ፣ ‹‹የደጋ ሰው ነው፤ በዚህ አገር የሰው ሁሉ ቊጥር ዝቅ ይላል›› ብሎ የሕመም ማስታገሻ ሰጠንና ወደ ቤት መለሰን። በዚያው ሌሊት አጎቴ ይቃዥ ጀመር፤ የሞተች እናቱን ስም ይጠራ ነበር። አክስቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨመቀችለት። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወደ አዲስ አበባ ስንወስደው እንጦጦ ዳገት ላይ ዐረፈ።

ሬሳው አልተመረመረም። ስለዚህ የሞተበት በሽታ ከዚህ በታች የምተርከው ነበረ ብዬ ልምል አልችልም። ነገር ግን የቀኖቹ አካሄድ፣ ትንፋሹና ቅዠቱ በመጽሐፍ ከተጻፈው ጋር ቃል በቃል ይገጥማሉ። ከሁሉ ይልቅ ሲከነክነኝ የኖረው የባለሙያው ቃል ነው፤ የተናገረው ነገር ፈጽሞ ሐሰት አልነበረምና።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ረጅም አጥንት ውስጡ ክፍት ነው፤ በክፍቱም መቅኔ አለ። ቅልጥም ሰብሮ የበላ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የዐዋቂ ሰው ወይም ከብት የረጅም አጥንት መቅኔ ከሞላ ጎደል ስብ ነው። አጥንቱ ሲሰበር መቅኔው ይፈርሳል፤ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ደም መላሽ ሥሮችም ይቀደዳሉ። እነዚህ ሥሮች ከአጥንቱ ግድግዳ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው፣ እንደ ሥጋ ውስጥ ሥሮች ተሸብሽበው አይዘጉም። በስብራቱ ዙሪያ ደም ሲጠራቀም ግፊቱ ይጨምራል፤ ስቡም በተከፈተው ሥር እየገባ ወደ ልብ፣ ከልብም ወደ ሳንባ ይሄዳል። ሳንባ ለደም እንደ ወንፊት ስለ ሆነ የስቡ ጠብታዎች በቀጫጭኖቹ ሥሮች ይያዛሉ። ፈረንጆች ይህን ፋት ኤምቦሊዝም ይሉታል፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ የስብ ውታፍ እለዋለሁ፤ ጠርሙስ በቡሽ እንደሚወተፍ ደም ሥሩም በስብ ይወተፋልና። ስብ ወደ ሳንባ መሄዱ ረጅም አጥንታቸው በተሰበረ በአብዛኞቹ ሰዎች ላይ የሚደርስ ነገር ነው። በሽታ የሚሆንባቸው ግን ከመቶው ጥቂቶቹ ናቸው፤ ሁለቱም ጭን ወይም ብዙ አጥንት በአንድ ጊዜ ሲሰበር ቊጥሩ ከፍ ይላል።

ይህ ነገር የታወቀው በሬሳ ምርመራ ነው። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ማዣንዲ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ዘይት በውሻ ደም ሥር እየጨመረ የሳንባውን መዘጋት አይቶ ነበር። በሰው ላይ ግን በመጀመሪያ የተመለከተው ጀርመናዊው ፍሪድሪሕ ዜንከር ነው። በ1862 በአደጋ የተጨፈለቀ አንድ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ሬሳ ሲመረምር፣ በሳንባው ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ የስብ ጠብታ አገኘ። ዜንከር ያየው ነገር ትክክል ሳለ ትርጓሜው ስሕተት ነበረ፤ ስቡ ከተቀደደው ጨጓራ የመጣ መሰለው። በዚያው ዘመን ኤርንስት ዋግነር ነገሩን ከአጥንት ስብራት ጋር አያያዘው። ከዚህ በኋላ 11 ዓመት ቈይቶ፣ በ1873፣ ኤርንስት ፎን ቤርግማን ጭኑ በተሰበረ በአንድ ሕያው ሰው ላይ በሽታውን ለይቶ አወቀ። ቤርግማን ቀደም ሲል በወጣትነቱ በድመት ደም ሥር ዘይት ጨምሮ ሞክሮ ስለ ነበር የሚፈልገውን ምልክት ያውቅ ነበር። የመጀመሪያው የተመዘገበ በሽተኛ የሐዲድ ሠራተኛ መሆኑን ሳነብ፣ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ሐዲድ የሚነሣባት ሰበታ ትዝ አለችኝ፤ ሐዲድ ያለበት፣ ፋብሪካ ያለበት፣ ከባድ መኪና የሚበዛበት አገር ሁሉ የዚህ በሽታ አገር ነው።

ታዲያ ስቡ ወዲያው ሳንባ የሚገባ ከሆነ ሰውየው አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ደኅና ሆኖ የሚሰነብተው ስለ ምንድን ነው? በሽታው የሚገለጠው አብዛኛውን ጊዜ ከስብራቱ በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሊቃውንቱ በዚህ ላይ ተከራክረዋል። በ1924 ጋውስ የነገሩን ሜካኒክ አብራራ፤ የተበጠበጠ ስብ፣ የተቀደደ ሥርና ግፊት ካሉ ሥሩ ይወተፋል አለ። በ1927 ሌማንና ሙር ስቡ ከመቅኔ መጣ ማለት ብቻ አይበቃም፣ በደም ውስጥ ያለው ስብ ራሱ ጠባዩ ተለውጦ ይረጋል የሚል የኬሚስትሪ አስተያየት አቀረቡ። ከዚያም በ1950ዎቹ ዓመቶች አሜሪካዊው ሌናርድ ፔልቲየር ዛሬ ብዙዎች የሚቀበሉትን ማስታረቂያ አመጣ። በሳንባ የተያዘው ስብ እንዲሁ እንደ ተወተፈ አይቀርም፤ ሊፔዝ የሚባለው ስብ ፈጪ ኤንዛይም ይሰባብረዋል። ከዚያ የሚወጣው ነጻ የስብ አሲድ የሳንባን ቀጭን ግድግዳ ያቃጥላል፤ በተቃጠለው ግድግዳም ውሃ ይሰርጋል። ይህ ሥራ ጊዜ ይወስዳል። ያቺ ደኅና የምትመስለው እሑድ እንግዲህ ስቡ የሚፈጭባት ቀን ናት ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ደም ቢመረመር የኬሚስትሪው ለውጥ ይታያል። ነጻው የስብ አሲድ ከካልሲየም ጋር ይጣበቃል፤ ነገሩ ሳሙና ከሚሠራበት መንገድ የራቀ አይደለም፤ ስለዚህም በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ዝቅ ይላል። አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን በጤና ጊዜ የስብ አሲድን ተሸክሞ ጉዳቱን የሚያበርድ ነው፤ በከባድ ቊስል ጊዜ ግን እሱም ይቀንሳል። ሄሞግሎቢን ይወርዳል፤ ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶችም ይወድቃሉ፤ በአንድ ኪዩብ ሚሊ ሜትር ከ150,000 በታች መሆናቸው እንደ ምልክት ይያዛል። ከእነዚህ አንዱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ሁሉ ሄሞግሎቢኑ ይወርዳልና። ይህን ሁሉ አሰባስቦ ሥርዐት ያስያዘው የቤልፋስቱ ሐኪም ጉርድ ነው። በ1970፣ ኋላም ከዊልሰን ጋር ሆኖ በ1974፣ ዋና ምልክትና ንኡስ ምልክት ብሎ ለየ። ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፤ የትንፋሽ ጭንቅ፣ ጭንቅላቱ ያልተመታ ሰው መቃዠቱ ወይም መፍዘዙ፣ እንዲሁም በብብት፣ በደረትና በዐይን ቆብ ውስጥ እንደ ቊንጫ ንክሻ ያሉ ቀያይ ነቊጦች መታየታቸው።

ይሁን እንጂ የነገሩ ማዕከል ኦክስጅን ነው። ሳንባው ተወትፎ ውሃ ሲሰርግበት ደም በሳንባ ውስጥ ሲያልፍ ኦክስጅን ሳይጭን ይመለሳል። ይህን በቊጥር ማወቅ ለረጅም ዘመን አስቸጋሪ ነበር፤ የቫን ስላይክ የተባለው የመስተዋት ዕቃ ጊዜና ጥበብ የሚጠይቅ ስለ ነበር በየበሽተኛው አልጋ የሚደረግ አልሆነም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሌላንድ ክላርክ የኦክስጅን ኤሌክትሮዱን ሠራ፤ ሴቨሪንግሃውስም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ጋር አጣምሮ አንድ መሣሪያ አደረገው። ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ነገር የተገለጠው። በ1960ዎቹ በቪየትናም ጦርነት የቈሰሉ የአሜሪካ ወታደሮች ደም ሲለካ፣ አጥንታቸው ከተሰበረው መካከል ምንም የትንፋሽ ሕመም ያልታየባቸው እንኳ ኦክስጅናቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ማለትም ዐይን የሚያየው በሽታ ከተሰወረው በሽታ ጥቂቱ ክፍል ነው። ቊጥሩም ዳኛ ሆነ። በ1987 በደቡብ አፍሪካ የነበሩት ሊንደክና ጓደኞቹ ያወጡት መመዘኛ፣ የደም ቧንቧ ኦክስጅን ግፊት ከ60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ወርዶ ከቈየ በሽታው አለ ያሰኛል። ይህን 60 የሚለውን ቊጥር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

ስለ ሕክምናው ታሪክ ብዙ አልናገርም፤ ስቡን የሚያሟሟ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። የሚደረገው ኦክስጅን መስጠት፣ ካስፈለገም በመሣሪያ ማስተንፈስ፣ ከሁሉ በፊት ግን አጥንቱ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ነው። በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ወጌሻን ሳላነሣ ማለፍ በደል ይሆንብኛል። በ1896 ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ የተሰበረን የሚያቃና ሰው በሀገሩ ሞልቶ ነበር፤ ዛሬም በኳስ ሜዳ ለተጎዳ ተጫዋች እየሮጠ የሚደርሰውን አካሚ ሕዝባችን ወጌሻ ይለዋል። ፈረንጆቹስ ቢሆኑ ከየት አመጡት? ቶማስ ስፕሊንት የተባለውን የጭን ማሰሪያ የሠራው ሂው ኦወን ቶማስ፣ አባቱ የታወቀ አጥንት ጠጋኝ ነበር፤ በእኛ አነጋገር የወጌሻ ልጅ ነው። ዘመዱ የነበረው ሮበርት ጆንስ ያን ማሰሪያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጦር ግንባር እንዲለመድ አደረገ፤ ጭናቸው ከተሰበረ ወታደሮች ከመቶ 80 ይሞት የነበረው በ1918 ወደ 16 ወረደ ተብሎ ይጻፋል። ቊጥሩን የሚጠራጠሩ አሉ፤ ሞቱም ከደም መፍሰስና ከቊስል መመረዝ ጭምር እንጂ ከስብ ብቻ አልነበረም። ቢሆንም ፈጥኖ ማሰር ነፍስ ያድናል የሚለው ነገር ከዚያ ወዲህ አልተናወጠም። በ1989 በዳላስ የቀረበ ጥናት ደግሞ ጭኑን በ24 ሰዓት ውስጥ በብረት ማጽናት፣ በተለይ ብዙ ጉዳት ባለባቸው ሰዎች፣ የሳንባውን ችግር እንደሚቀንስ አሳየ። በሀገራችን ሆስፒታሎችም የራጅ ማያ መሣሪያ ሳይኖር የሚገባው የሳይን ብረት ተለምዷል።

እንግዲህ በአጎቴ ላይ ወጌሻው ያደረገው የመጀመሪያው ሥራ፣ ማቃናቱና ማሰሩ፣ ከመጽሐፉ ጋር አይጣላም። የሚጣላው በየቀኑ እየፈቱ በቅቤ ማሸቱና መልሶ መጎተቱ ነው፤ የተሰበረው አጥንት በተነቃነቀ ቊጥር መቅኔው እንደ ገና ይጨመቃልና። ማሰሪያው ከልክ በላይ ሲጠብቅ እጅና እግር እንደሚያበሰብስም የሀገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል።

አሁን ወደ ሦስቱ ከተሞች እንመለስ። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አካባቢዎች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተብለዋል። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትንሽ አለፍ ትላለች፤ ቡራዩ ወደ 2,600 ሜትር ገደማ ናት፤ ሱሉልታም ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። ከሱሉልታ በሽተኛ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የእንጦጦን ዳገት ይወጣል፤ ኦክስጅን ያነሰውን ሰው ኦክስጅን ወደሚያንስበት ስፍራ አውጥቶ ነው ወደ ሐኪም የሚያወርደው። የቡራዩና የሰበታ ሰው ይህ ዳገት የለበትም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚህ የውሃ ተን ድርሻ የሆነው 47 ሲቀነስና ቀሪው በኦክስጅን ድርሻ፣ በ0.21 ሲባዛ 150 ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የሚይዘው ስፍራ፣ 50 ያህል፣ ሲወጣለት በሳንባ ከረጢት ውስጥ 100 ገደማ ይቀራል። በሱሉልታ ከፍታ የአየር ግፊቱ ወደ 550 ነው። በዚያው መንገድ ሲሰላ ወደ ውስጥ የሚገባው 106 ይሆናል፤ የደጋ ሰው ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያነሰ መሆኑ ታስቦ 42 ያህል ሲቀነስ፣ በሳንባ ከረጢት 64 ገደማ ይቀራል። በደም ቧንቧ ያለው ደግሞ ከዚህ ትንሽ ያንሳል። በልብ እንዲያዝ ያልሁት ቊጥር 60 ነበረ። በመጽሐፉ ሕግ ሕመም የሚጀምርበት ወሰን፣ ሱሉልታ ላይ ጤነኛ ሰው ከብቱን ሲጠብቅ የሚውልበት ስፍራ ነው ማለት ነው።

ያ ባለሙያ ትክክል ነበረ ያልሁት ስለዚህ ነው። መደምደሚያው ግን ተገልብጦበታል። ኦክስጅን ከሄሞግሎቢን ጋር የሚያያዝበት መሥመር እንደ አምባ ነው፤ ከላይ ሜዳ ሆኖ ሄዶ 60 አካባቢ ሲደርስ ገደል ይሆናል። ግፊቱ 100 ከሆነ ሰው ላይ 15 ቢቀነስ 85 ይቀራል፤ ደሙ ያን ጊዜም ከመቶ 96 ያህል ሙሉ ነው፤ የቀነሰ ነገር መኖሩን መሣሪያው ሊያሳይ እንኳ አይችልም። ግፊቱ 60 ከሆነ ሰው ላይ ያው 15 ቢቀነስ ግን 45 ይቀራል፤ የደሙ ሙላትም ከመቶ 90 ወደ 80 ገደማ ይወርዳል። ሒሳቡ ለማስረዳት የቀለለ ነው፤ በእውነተኛ በሽተኛ ላይ ቅነሳው በሁለቱ ስፍራ ልክ አንድ አይሆንም። የሚያሳየው ነገር ግን ግልጽ ነው። የሱሉልታ ሰው የገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ነውና ቊጥሩ ዝቅ ማለቱ ለመዝናናት ምክንያት ሊሆን አይገባም። የቆላ ሰው በስብ ሲወተፍ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት ሜዳ አለው፤ የደጋው ሰው የለውም።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በ1968 ማሞ ወልዴ 2,240 ሜትር ከፍታ ባላት በሜክሲኮ ከተማ ማራቶንን ባሸነፈ ጊዜ፣ ዓለም ስለ ደጋ ሰው ደም መጠያየቅ ይዞ ነበር፤ ዛሬ የሱሉልታ ሜዳ የሯጮች መለማመጃ መሆኑም ከዚያው ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። ሃሪሰንና ጓደኞቹ የደባርቅን ደገኛና የአዲ አርቃይን ቆለኛ አነጻጽረው በ1969 ጥናት አወጡ። በ2002 ደግሞ ሲንትያ ቢልና ጓደኞቿ በሰሜን ተራራ አካባቢ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው፣ የሄሞግሎቢናቸው መጠን በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር፣ የኦክስጅን ሙላታቸውም በአማካይ ከመቶ 95.3 መሆኑን ጻፉ። ይህ እንደ ቆላ ሰው ነው፤ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢን ከፍ ሲል፣ የቲቤቶቹ የኦክስጅን ሙላት ዝቅ ይላልና። በ2012 የወጣው ሌላ ጥናት ግን በባሌ ደጋ የሚኖሩት ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ከሰሜን አማሮች ይልቅ ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳየ። የደጋ ሰው ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራ ደም እንግዲህ የለም። በሦስቱ ከተሞች ደግሞ ጥንትም የነበረው ነዋሪ፣ ከቆላ ትናንት ለፋብሪካ ሥራ የመጣው ወጣትና ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሸሽቶ የሰፈረው ሠራተኛ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ‹‹የደጋ ሰው ነው›› የሚለው ቃል ከእነዚህ የትኛውን እንደሚገልጥ ለእኔ ግልጽ አይደለም። የሰሜኖቹ ቊጥር ለሱሉልታ ሰው ቢሠራ ኖሮ፣ ከ90 በታች መሆን ለደገኛ ይልቁን የባሰ ምልክት በሆነ ነበር።

ሌላም እንከን አለ። የጣቱ መሣሪያ፣ ኦክሲሜትር የሚባለው፣ ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በደረሰበት ሐሳብ የተሠራ ሲሆን፣ በብርሃን ቀለም የደምን ሙላት ይገምታል። በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ይህ መሣሪያ በጥቁር በሽተኞች ላይ የተሰወረ የኦክስጅን ማነስን ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሚስት ገለጠ። ስሕተቱ ቊጥሩን ከእውነቱ ከፍ የማድረግ ነው። እንዲሁም የጉርድ ቀያይ ነቊጦች የተገለጡት በቤልፋስት ሰዎች ቆዳ ላይ ነው፤ በጥቁር ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታዩም፤ የታችኛውን የዐይን ቆብ ገልብጦና አፍ አስከፍቶ መፈለግ ያሻል። የአጎቴን ዐይን ቆብ ማንም አልገለበጠም፤ እኛም ይህን ለማወቅ አልታደልንም።

ይህ ሁሉ የማይስተካከል ነገር አይደለም። የሳንባን ከባድ ጉዳት ለመለየት በ2012 የወጣው የበርሊን መመዘኛ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ባለ ስፍራ ቊጥሩ በአየር ግፊቱ ልክ እንዲታረም ያዛል። የቦጎታና የሜክሲኮ ሐኪሞችም ለገዛ ከተማቸው ከፍታ የጤነኛ ሰው ቊጥር ለክተው አውጥተዋል። ለሱሉልታ፣ ለቡራዩና ለሰበታም በየከፍታቸው እንዲሁ ሊደረግ ይገባል፤ በኮሌጃችን ለሚገኙት የሳይንስ ተማሪዎች ከዚህ የቀረበ የምርምር ርእስ ያለ አይመስለኝም፤ ታክሲ ተሳፍሮ ደርሶ የሚመለሱበት ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን አንድ ነገር ወደ አሳቤ መጥቷል፤ ሐኪሞች እንዲመዝኑት አቀርበዋለሁ። በሀገራችን በሽተኛ ብቻውን ወደ ሐኪም አይመጣም፤ አስታማሚ አብሮት አለ። አስታማሚው ብዙ ጊዜ የዚያው መንደር፣ የዚያው ከፍታ ሰው ነው። በበሽተኛው ጣት የተሰካው መሣሪያ በአስታማሚው ጣት ቢሰካ፣ የአካባቢው ጤነኛ ቊጥር ምን ያህል እንደ ሆነ ያለ መጽሐፍ በግማሽ ደቂቃ ይታያል። ልዩነት ካለ ከፍታው ያመጣው አይደለም ማለት ነው። በዕድሜ፣ በኩሽና ጢስ፣ በቀድሞ የሳንባ ሕመም ምክንያት ንጽጽሩ ሊያሳስት እንደሚችል አውቃለሁ፤ በሽተኛውን በየጥቂት ሰዓቱ ደጋግሞ መለካትም ከዚህ ይሻላል። ሁለቱንም ለማድረግ ግን አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

በዚያ ሰኞ ጠዋት አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአጎቴ ጎን ቆማ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ አብረው አንድ አየር ሲተነፍሱ 20 ዓመት አልፏቸው ነበር። ባለሙያው መሣሪያውን ከአጎቴ ጣት አውልቆ ወደ ኪሱ መለሰው።